ባዶ የቀሩት አራት ቅጠሎች

ይህን ደብተር የምትገለብጡ ሁሉ ሆይ፤ ከዚህ በታች የምታነቡትን እስከ ዛሬ ለሰው ነግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናዘዝሁትም። በየዓመቱ በሁዳዴ ፊታቸው ቀርቤ ጾም መግደፌን፣ ቁጣዬን፣ የምላሴን ክፋት ስዘረዝር ይህችን አንዲት ነገር ከልቤ ሥር አስቀርቼ ተመልሻለሁ። በስሟ መጥራት ስለ ፈራሁ ነው። ስሟ እነሆ፤ እኔ አራት ገጽ ሰረቅሁ። የሰረቅሁትም ከቤተ መጻሕፍት ሳይሆን ካመነኝ ወንድሜ ነው።

የዚህ ደብተር ባለቤት፣ እዚህ ንፋስ መውጫ የሚያስተምራችሁ መምህር ልሳነወርቅ፣ በዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ጓደኛዬ ነበር። እኔ የዚሁ የንፋስ መውጫ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ልጅ ነኝ። እሱ የታች ጋይንት ገበሬ ልጅ ነው፤ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሳይገባ በፊት እዚያው ጋይንት ባለው በቤተ ልሔም የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ የተማረ። ሲያሾፍብኝ፣ የንፋስ መውጫ ሰው ቃሉን ንፋስ ይወስድበታል ይለኝ ነበር። እኔም፣ የታች ጋይንት ሰው አህያውን ሳያማክር መንገድ አይጀምርም እለው ነበር። አብረን ስቀናል፤ አንዱን ካፖርት በፈረቃ ለብሰናል።

በእኛ ጊዜ የፖለቲካ ኢኮኖሚ መጻሕፍት መደርደሪያውን ሞልተውት ነበር። ስለ ገበያና ስለ ዋጋ የሚያስተምረው መጽሐፍ ግን ለመላው ክፍል ሁለት ብቻ ነበር፤ አንደኛውም ልባሱ የወለቀ። በመታወቂያ ለሁለት ሰዓት ይሰጣል፤ ከቤተ መጻሕፍቱ አይወጣም። ስለዚህ ተስማማን። ከምዕራፎቹ እኔ ግማሹን፣ እሱ ግማሹን በእጃችን እንገለብጣለን፤ ከዚያ ተለዋውጠን አንዳችን የሌላውን እንጽፋለን። ልሳነወርቅ የሚጽፈው እንደ ብራና ጸሐፊ ነበር፤ ርእሱን በቀይ፣ ሐተታውን በጥቁር። ሲጨርስም ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ ከዋናው ጋር ያስተያይ ነበር። የእኔን ድርሻ ግን ከዋናው ጋር አላስተያየም። የወንድምን ጽሑፍ መመርመር ነውር መስሎታል።

እኔ ይህን አውቅ ነበር። አውቄም ተጠቀምሁበት።

የመጨረሻው ዓመት ነበር። ከክፍላችን አንደኛ የሚወጣው ብቻ በረዳት መምህርነት እንደሚቀር ተነገረን። እሱ በጥቂት ነጥብ ይበልጠኝ ነበር። እኔስ ምን አደረግሁ? እንደ ሰው ተግቼ አጥንቼ ልበልጠው አልችልም ነበርን? እችል ነበር። እኔ ግን በድርሻዬ ካለው ምዕራፍ መጨረሻ አራት ገጽ ነጥዬ በሌላ ወረቀት ጻፍሁና ከፍራሼ ሥር ሸሸግሁ። የቀረውን በመልካም የእጅ ጽሑፍ ጽፌ ሰጠሁት።

አንብቦ ሲጨርስ ግንባሩን ቋጠረ። «ይኸ ምዕራፍ እዚህ ላይ ነው የሚያልቅ? ነገሩ ያልተቋጨ መሰለኝ።»

«እዚህ ላይ ነው» አልሁት።

«እንግዲያ አንተ ካልህ» አለና ብዕሩን አነሣ።

እነዚያን ሦስት ቃላት ስንት ጊዜ ሰማኋቸው! ክፍል ውስጥ ሳስተምር፣ መንገድ ስሄድ፣ ሰው ሲያመሰግነኝ። አንተ ካልህ። እኔ ብዬ ነበር፤ ውሸት ብዬ።

ፈተናው ከእነዚያ አራት ገጾች መጣ። ጥያቄው፣ አዝመራው ሲሰምር የገበሬው ገቢ ስለ ምን ይወድቃል የሚል ነበር። እስቲ ፍረዱኝ፤ በታች ጋይንቷ ከተማ በአርብ ገበያ አጠገብ ላደገ ሰው ይህ ምን ጥያቄ ነው? አባቱ በጥጋብ ዓመት እህል ጭነው ወርደው፣ ዋጋው ቢዘቅጥባቸው አህያዋን እንደ ተጫነች ሲመልሱ በዓይኑ አይቷል። ግን ልሳነወርቅ በቤተ ልሔም ከቃል ወይም ከመጽሐፍ ያልተቀበለውን ከራሱ እንዳይጨምር ተገርቶ ያደገ ሰው ነው። ስንወጣ ወረቀቱን ባዶ እንደ ተወው ነገረኝ። «ያላነበብሁትን ፈጥሬ ልጻፍ?» አለኝ። እኔም መጽሐፉ ተቀዶ ይሆናል ብዬ በውሸቴ ላይ ሁለተኛ ውሸት ደረብሁ።

በዚያ ትምህርት ወደቀ። በዓመቱ ተመልሶ እንዲፈተን ተፈቅዶለት ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ክረምት አባቱ ሞቱ፤ እርፉን የሚጨብጥ እሱ ብቻ ሆነ። አልተመለሰም። ከጊዜ በኋላ እዚህ በመምህርነት ተቀጠረ። እኔም በእሱ ወንበር ተቀመጥሁ። የተገባኝ ይመስል ተቀመጥሁ።

ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን በፈተና ያንኑ የአዝመራ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። ውባለም የምትባል የአርብ ገበያ ልጅ እንዲህ ስትል ጀምራለች፤ «ይህ በደብተሬ ላይ ባዶ ገጽ ነው። ስለዚህ በአገሬ ገበያ ያየሁትን እጽፋለሁ።» ቀጥላም ከነምክንያቱ አንድ ሳታጎድል ጻፈች። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። አስጠርቼ ስለ ደብተሩ ጠየቅኋት።

«የጋሼ ልሳነወርቅ ነው። ከኛ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ሁሉ ክረምት ክረምት እሱን ይገለብጣል።»

«ባዶው ገጽስ?»

«ባዶውንም እንገለብጠዋለን፤ ‹መጽሐፉ ሲገኝ የሚሞላ ነው፣ ቦታውን አትዝጉበት› ይሉናል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ አንድ ሰው የበደልሁ መስሎኝ ነበር። ለካስ ጉድለቴ ከደብተር ወደ ደብተር እየተገለበጠ፣ ከማላውቃቸው ልጆች ጋር አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ ይመላለስ ነበር። ነገር ግን ከጉድለቱ ጋር ሌላም ነገር አብሮ ተገልብጧል፤ ለእውነት የተተወ ቦታ። እኔ ዘግቼው ያለፍሁትን እሱ ከፍቶ አቆየው።

አሁን በክረምቱ ዕረፍት መጣሁ። ልሳነወርቅ ሸብቷል፤ በዚህ ዕድሜ። አቅፎ ሳመኝ፤ ካፖርቱ ደኅና ነው ወይ ብሎ ቀለደ። ደብተሩን ላየው ብዬ ብጠይቀው ስለ ምን ሳይል አወጣልኝ። ለተማሪዎቹ ሲል እንደ አዲስ የገለበጠው ነው፤ ርእሱ በቀይ፣ ሐተታው በጥቁር። የእኔ ምዕራፍ ካለቀበት በኋላ ምን ያህል እንደ ጎደለ ስላላወቀ ከፊትና ከኋላ ስምንት ገጽ የሚሆን አራት ሙሉ ቅጠል ትቷል። ወረቀት በሚቸግርበት አገር አራት ቅጠል! «የሞላ መጽሐፍ ካለህ ጻፍልኝ፤ አንተ የጻፍኸው ይበቃኛል» ብሎኝ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። አሁንም አመነኝ። ከዚህ የሚከብድ ቅጣት አላውቅም።

ከዚህ በፊት ያሉት አራት ገጾች የሰረቅኋቸው ናቸው። ከዋናው መጽሐፍ ጋር ቃል በቃል ጣቴን እያስኬድሁ አስተያይቻቸዋለሁ፤ እናንተም አስተያዩ እንጂ በእኔ ቃል አትመኑ። ከእነሱ ቀጥሎ የተረፉት አራት ገጾች ይህን ኑዛዜ ተሸከሙ። ድኻ ነበርሁ አልልም፤ እሱም ድኻ ነበር። ልጅ ነበርሁ አልልም፤ እሱም እኩያዬ ነው።

ልሳነወርቅ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ደብተሩን ተቀብሎኝ ያነበዋል። ተነሥቼ አልሄድም። ምን እንደሚለኝ አላውቅም፤ የሚለውን ሁሉ ተቀምጬ እሰማለሁ። ከዚያም፣ ቢፈቅድልኝ፣ ያ ፈተና ዳግም እንዲሰጠው በደሌን በፊርማዬ ጽፌ ለትምህርት ክፍሉ አቀርባለሁ። ወንበሬን ሊያሳጣኝ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ዱሮም የእሱ ነበር።

እናንተን ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። ከደብተር ወደ ደብተር ስትገለብጡ ርእሱን እንደ እሱ በቀይ ጻፉ። ይህንንም በጥቁር ጻፉት፤ ረዝሞባችሁ፣ ወይም ለእኔ አዝናችሁ፣ አትዝለሉት።