አንድ ስንዝር አመድ

ባቱ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር፣ ልጅ ሳለሁ መብራት በየምሽቱ ይጠፋ ነበር፤ እኛ ግን መጥፋቱን እንወደው ነበር፤ ኩራዝ ሲለኮስ ጎረቤታችን ጋሽ ቱፋ ተረት ይጀምራሉና። በወጣትነታቸው ከአሰብ በሚነሱ የጭነት መርከቦች ላይ ሠርተው፣ ሲያረጁ ተመልሰው መረብ እየጠገኑ የሚኖሩ ብቸኛ ሰው ነበሩ። ራታቸውን የሚበሉት ከእኛ ጋር ነው። እማዬ ዓሣውን ጠብሳ ስታበቃ ከምድጃው አጠገብ በርጩማ ስበው ይቀመጡና፣ «በሉ ኢጆሌ፣ በሉ ልጆች፣ ጠጋ በሉ» ይሉናል።

ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ አያውቁም። ተረታቸው ሁሉ ማልታ ስለሚባሉት ደሴቶች ነበር። በመቆስቆሻው አመዱን ደልደል ያደርጉና ሦስት ፍም ያስቀምጣሉ፤ ትልቁ ማልታ፣ መካከለኛው ጎዞ፣ በሁለቱ መሃል ያለችው ፍንጣሪ ኮሚኖ። ወደ ላይ አራት ጣት ያህል ርቆ ሲሲሊ፣ ወደ ታች አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ ከጉልቻው ሥር፣ ሊቢያ። ወንዝ የሌለበት አገር ነው ይሉናል፤ ድንጋዩ የማር መልክ አለው፤ ጀልባዎቹ መንገድ እንዳይስቱ አፍንጫቸው ላይ ዓይን ይሣልባቸዋል። አቋርጦ የሚጠይቃቸውን አይወዱም፤ «ዝም በል፣ መርከቧን ታሰጥማታለህ!» ብለው ይቆጡና ቆይተው ራሳቸው ይስቃሉ።

ቁጣውን የሚቀምሰው አብዛኛውን ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ነበር። ያኔ በሟች አባታችን ጀልባ ዓሣ ማስገር ጀምሯል። ማልታ ከሊቢያ ዳር ሆኖ ትታይ እንደሆነ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ እሳቸው ደግሞ በተረታቸው ማዕበል መሃል ስለሆኑ አይመልሱለትም። እሱም መልሱን የሚያውቀው መሰለው። ለእኛ ለባቱ ልጆች ደሴት ማለት ከቤት ስንወጣ ማዶ የምናየው፣ የከሰዓቱ ነፋስ ሳይነሳ ማልዶ የቀዘፈ የሚደርስበት ነገር ነበር።

ዓሣው እየተመናመነ ሲሄድ ደረጀ አበባ እርሻ ገብቶ ትንሽ ሠራ፤ ከዚያ አንድ ቀን ሳይሰናበተን ጠፋ። ከወራት በኋላ ከሊቢያ ደወለ። እማዬ ስታለቅስበት፣ «አይዞሽ እማዬ፣ የቀረችኝ አንድ ስንዝር ናት። ደግሞ እኔ ውሃ ላይ ያደግኩ ነኝ» አላት። ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር። ዳግመኛ አልደወለም። አብሮት ሊሻገር የነበረ፣ ጀልባዋ ሞልታበት ወደ ኋላ የቀረ የሞጆ ልጅ፣ ደረጀ ተሳፍሮ መሄዱን እንጂ ጀልባዋ መድረሷን የሰማ እንደሌለ ነገረን።

ከዚያ ወዲያ መብራት ሲጠፋም ጋሽ ቱፋ ተረት አይጀምሩም ነበር። አንድ ምሽት እማዬ ራታቸውን ካነሳች በኋላ መቆስቆሻውን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«እስቲ ለእኔም ይሣሉልኝ» አለቻቸው።

እምቢ አሉ። ስትለምናቸው ግን ፍሞቹን ደረደሩ። እሷ ደሴቶቹን ከምንም አልቆጠረቻቸውም። በሊቢያና በማልታ መሃል ያለውን ልሙጥ አመድ እያሳየች፣ «ይሄ ባዶው ምንድን ነው?» አለች።

«ባሕሩ ነው» አሉ። «ቀኑን ቢቀዘፍ፣ ሌሊቱንም ቢቀዘፍ፣ ዳር አይታይም።»

እማዬ መዳፏን እዚያ ላይ አሳረፈች። ገና ይሞቃል አለች፤ እጇንም ቶሎ አላነሳችም። ጋሽ ቱፋ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ስበው አለቀሱ።

እሳቸውም አረፉ። እኔ አሁን አዳማ ነው የምኖረው፤ የልጄ መጽሐፍ ላይ ካርታ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ሰማያዊው ላይ ነው። ያም ሆኖ የማር መልክ ያለውን ድንጋይና ዓይን ያላቸውን ጀልባዎች መጥላት አልቻልኩም፤ ወንድሜን ሳስብ አብረው ይመጡብኛል፤ ያኔ አፉን ከፍቶ ሲሰማ የነበረው ፊቱም ይመጣብኛል። ለበዓል ባቱ ስሄድ ምድጃውን ልጠርግላት እነሳለሁ። እማዬ ግን አታስነካኝም። አመዱን ራሷ ትዝቅና፣ ከጉልቻው ሥር አንድ ስንዝር የምታህለውን ሳትነካ ትተዋታለች።