መወጣጫውን የሞላው ሰው

ኔቪል ታኒክሊፍ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ነድቶ ጡረታ ወጥቷል፤ አካፋ ሲይዝ ግን ጎረምሳ ያስከነዳል። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜና እሁድ፣ ዝናብ ቢጥልም ባይጥልም፣ ከእኛ ጋር ጭቃ ውስጥ ነው። ባይጥልም ያልኩት ለወጉ ነው፤ በምንቆፍርበት መንደር በብሪንድሊ ፎርድ ቅዳሜ ሳይዘንብ የዋለበትን ቀን አላስታውስም።

እኛ ማለት ድሮ ጀልባ ይሄድበት የነበረውን አሮጌ ቦይ ለማደስ የምንሰባሰብ በጎ ፈቃደኞች ነን። ደመወዝ የለንም፤ ብዙዎቻችን ጉልበትም የለንም። የምንቆፍረው የጀልባ መወጣጫውን ነው፤ ግራና ቀኙ በጡብ የተገነባ፣ በሁለቱም ጫፍ በር የነበረው ጥልቅ ጉድጓድ። ድሮ ጀልባው በታችኛው በር ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃ ይሞላል፣ ጀልባው ከነጭነቱ ሽቅብ ይነሣና በላይኛው በር ይወጣል። ከሃምሳ አምስት ዓመት በፊት ግን «ከእንግዲህ ማን ይፈልገዋል» ተብሎ በአፈርና በፍርስራሽ ሞሉት።

ስለዚህ የሻይ ሰዓት ልማዳችን እርግማን ነው። የሞላውን ሰው ስሙን ስለማናውቀው «ደንባራው» እንለዋለን። በየተራ እንረግመዋለን።

«ሻዩ ሁልጊዜ ይቀዝቅዝበት» ይላል ቆፋሪ ማሽኑን የሚነዳው ግሬም።

«ጣራው በአልጋው ልክ ያፍስስበት» ትላለች ሞሪን።

ኔቪል ሁላችንንም ያስንቀናል። «ካልሲው ዕድሜ ልኩን እርጥብ ይሁን፤ የደረቀለት ቀን ደግሞ አንደኛው ይጥፋበት» ሲል በሳቅ ሻያችንን እናፈስሳለን።

ያላወቅነው ነገር ቢኖር ደንባራው ራሱ መካከላችን ተቀምጦ ብስኩት በሻይ እያጠቀሰ መሆኑ ነው። ኔቪል ያን ጊዜ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ በገልባጭ መኪና አፈሩን እያመላለሰ የደፋው እሱ ነው። ይህን ለሰው ቢናገር ዳግመኛ ከእኛ ጋር የሚቀመጥ አይመስለውም ነበር። ሚስቱ ዶሪን ካረፈች ወዲህ ስሙን የሚጠሩት ሰዎች እኛና የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ብቻ ነን። እናም ሆድ ይፍጀው ብሎ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ራሱን በራሱ ረገመ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሻይ በኋላ የግሬም ማሽን ከታችኛው በር አጠገብ ብረት መታ። ጭቃውን ብንገፋው የዛገ ነገር ጫፍ ብቅ አለ። ደስታችንን ብታዩት የንጉሥ ዘውድ ያገኘን ይመስላችሁ ነበር።

«ጀልባ ነው!» አለ ግሬም። «በሰንሰለት አስሬ አወጣዋለሁ።»

«ለነገ ብናቆየውስ? ዝናቡ በርትቷል» አለ ኔቪል።

«ለዝናብ ብለን ብናቆይ ኖሮ እስካሁን አንድ ጡብ እንኳ ባላኖርን ነበር» አለችው ሞሪን። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበረች፤ በአፋችን አንቺ እንበላት እንጂ ልባችን የሚላት አንቱ ነው። የቀኙን ግንብ የላይኛውን ክፍል በሦስት ዓመት ያስገነባችው እሷ ናት። ሰንሰለቱ ሲታሰር ግንቡ ሥር ቆማ ትመለከት ነበር።

ኔቪል ፊቱ አመድ መሰለ። አጠገቡ ስለነበርኩ አየሁት፤ ብርድ መትቶት ነው ብዬ ሻይ ወደምንጠጣበት ጎጆ እንዲገባ ጎተትኩት። እጄን ለቀቀና ተንሸራትቶ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። ሄዶ ሰንሰለቱ ፊት ቆመ።

«አትሳበው፣ ግሬም።»

«ውጣ ከዚያ አንተ ሰውዬ! ምን ሆነሃል?»

«ከሳብከው ግንቡ ይወርዳል። ሞሪን፣ አንቺም ዞር በይ ከዚያ። ጀልባ አይደለም። ገልባጭ መኪና ነው። አፍንጫው የግንቡን ሥር ሰብሮ ገብቷል፤ እናንተ የገነባችሁት በሱ ላይ ነው።»

ሞሪን ከግንቡ ራቀች። ግሬም ሞተሩን አጠፋ።

«አንተ ይህን በምን አወቅህ?» አለች።

ኔቪል የራስ ቁሩን አወለቀ፤ ዝናቡ በራሰ በራው ላይ ይወርዳል። «የምነዳው እኔ ነበርኩ። ወደ ኋላ ስመጣ ጠርዙ ተናደና ከነመኪናው ገባሁ። አለቃዬ እንጀራው እንዳይቀርበት ፈርቶ አፈር አልብሱት አለ፤ አለበሱት። እኔንም ትንፍሽ እንዳትል አለኝ። ሌላውንም አፈር አብዛኛውን የደፋሁት እኔ ነኝ። ስትረግሙት የኖራችሁት ደንባራው እኔ ነኝ።»

እኔ ስለ እርጥብ ካልሲው እያሰብኩ ነበር፤ አፈርኩ።

ሞሪን ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀላ። «አሥራ አንድ ዓመት!» አለች። «የታችኛውን በር ማጠፊያ ብረት ፍለጋ ሦስት ክረምት ስንቆፍር እያየህ?»

«እሱ እንኳ ከመኪናው ኋላ ነው። እኔው ነኝ የጣልኩት።»

«የላይኛው በር ደፍ ድንጋይስ?»

ኔቪል በጣቱ ጠቆመ። «ግራው ጥግ ላይ፣ ከእሾሃማው ቁጥቋጦ ሥር።»

«እዚያ እኮ ሽንት ቤታችንን ተክለንበታል!»

«አዎ። ስትተክሉት ቆሜ አይቻለሁ።»

መጀመሪያ የሳቀው ግሬም ነው። ከዚያ እኛም ተከተልን፤ ሞሪን ሳቋን ለመደበቅ ጀርባዋን ሰጠችን። ኔቪል ግን አልሳቀም። የራስ ቁሩን አካፋው ላይ ሰቅሎ ሽቅብ መውጣት ጀመረ።

«ወዴት ነው?» አለችው ሞሪን።

«ቤቴ። ዕቃዬን ልሰብስብ። እስከ ዛሬ ስለታገሣችሁኝ... ማለቴ አታውቁም ነበር። ብቻ ደኅና ሁኑ።»

ሞሪን መንገዱ ላይ ቆመችበት። ቁጣዋ ያላለቀ መስሎኝ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ሌላ ሆነ።

«መኪናው ሲወድቅ ውስጡ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ተጎዳህ?»

ኔቪል ቀና ብሎ አያት። ጥያቄው ያልገባው መሰለኝ። ኋላ ላይ እጁ ራሱ ሄዶ ግራ ትከሻውን ያዘ።

«ይቺ ተሰብራ ነበር» አለ። «ለእናቴ ከብስክሌት ወደቅኩ አልኳት።»

«አለቃህስ? ሐኪም አላሳየህም?»

«እሱ የጠየቀው ስለ መኪናው ነው። እስከ ዛሬ... ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ይህን ብሎ በተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ዝናብ ስለነበር ማንም አላወቀብኝም። ሞሪን በዝናብ ልብሱ ሥር እጇን ሰዳ ትከሻውን ዳበሰችው።

«ጠምሞ ነው የገጠመው» አለች። «በዚህ ነው አሥራ አንድ ዓመት አካፋ ስትይዝ የኖርከው?»

«ብርድ ሲሆን ብቻ ነው የሚያመኝ።»

«እዚህ አገር መቼ ብርድ ጠፍቶ ያውቃል?» አለ ግሬም፤ ከማሽኑ ወርዶ ሰንሰለቱን ፈታ። ከዚያ የኔቪልን አካፋ አነሣና ለእኔ አቀበለኝ። «ኔቪል፣ አንተ ከዚያ ባልዲ እንዳትነሣ። የት የት እንደሆነ ንገረን።»

ኔቪል ፊቱን በእጅጌው ጠረገ፤ ይበልጥ ጭቃ ቀባው። እስኪመሽ ድረስ እሱ ባልዲው ላይ ተቀምጦ በጣቱ ሲያሳየን እኛ ስንቆፍር ዋልን።