ባሻን የቀበርንበት ቅዳሜ

ነገሩ የደረሰብኝ በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ገና ጎረምሳ ጸሐፊ ሳለሁ፣ እዚሁ ሐረር ነው። ዛሬ ሸምግያለሁ፤ ትናንት ማታ ምን እንደበላሁ ብትጠይቁኝ አላስታውስም። ያንን የቅዳሜ ጠዋት ግን ከነእርምጃው አስታውሰዋለሁ። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም፤ እንደዚያን ቀን ሰው ወድጄም አላውቅም።

ባሻ ሙጭልጭላ ነበር። ለማታውቁት፣ ሙጭልጭላ ማለት ከድመት ያነሰ፣ ቀጭን፣ ጭራው ረጅም፣ እባብ የማይፈራ አውሬ ነው። ማመልከቻ የጻፍኩለት አንድ ገበሬ ደስ ብሎት፣ ዓይኑን በቅጡ ያልገለጠ ግልገል በዘንቢል ይዞልኝ መጣ። በጥጥ ወተት እያጠባሁ አሳደግሁት። ደረቱን ነፍቶ ሲንጎራደድ ሳየው ጊዜ ባሻ አልኩት፤ ማዕረጉም ልክክ አለለት።

የሚተኛው ኮቴ እጅጌ ውስጥ ነው። ጠዋት ኮቴን ልለብስ እጄን ስሰድ ጣቴን ቀስ አድርጎ ይነክሰኛል፤ ከዚያ በአንገቴ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ካልሲ ይሰርቃል፣ እርሳስ ይሰርቃል፣ አንድ ቀን የመሥሪያ ቤት ቁልፍ ሰርቆ ጫማዬ ውስጥ ደበቀብኝ። አለቃዬ «ለምን ዘገየህ?» ቢለኝ እውነቱን ነገርኩት። አላመነኝም።

የምኖረው ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ፣ እናቴ ቤት ነበር። ባሻ እንቁላል ሲሰርቅ እናቴ ቻለች። ዶሮዎቿን አንድ በአንድ ሲጨርስ ግን አልቻለችም። «ወይ እሱ ይውጣ ወይ አንተ ውጣ!» አለችኝ። እኔ ያኔ ግትር ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ፤ «ሁለታችንም እንወጣለን» ብዬ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ጀጎል ውስጥ፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየን። ለሙጭልጭላ ብሎ የእናቱን ቤት የለቀቀ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እንጃ።

እዚያ ገና ሁለተኛ ወራችን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እንደልማዴ እጄን ወደ ኮቴ እጅጌ ሰደድሁ። ባሻ አልነከሰኝም። ጎተት ባደርገው ቀዝቅዟል። ማታ ከጎረቤት የእህል መጋዘን የያዘውን አይጥ በአፉ አንጠልጥሎ፣ እየተጀነነ ሲያሳየኝ ነበር። ለካ መጋዘኑ ውስጥ መርዝ ተደርጎ ኖሯል። ይህንን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ዋይ ብዬ ማልቀስ አማረኝ። ግን ማን ፊት? እናቴ ብትሰማ እልል ትላለች። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ቢሰሙ ጡረታ እስክወጣ ያላግጡብኛል፤ ለአውሬ ያለቀሰ ወንድ ተብዬ ልቀር ነው። ስለዚህ እንባዬን ዋጥ አድርጌ፣ ማንም ሳያየኝ ልቀብረውና ነገሩን በዚያው ልጨርሰው ቆረጥሁ።

ግቢያችን ድንጋይ ንጣፍ ነው፣ አይቆፈርም። ቆሻሻ ላይ ብጥለው ጅብ ይበላዋል፤ ባሻን ጅብ ሲበላው እያሰብኩ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? ከግንቡ በሮች አንዱ ከሆነው ከኤረር በር ወጣ ብሎ ለስላሳ የእርሻ አፈር እንዳለ አውቅ ነበር። በጆንያ ልከተው ብዬ ጀመርሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ለትራስ ልብስ ብዬ የገዛሁት አዲስ ነጭ አቡጀዲ ነበረኝ። በእሱ ከራሱ እስከ ጭራው ጥቅልል አድርጌ፣ በሁለት ክንዴ ታቅፌ ወጣሁ።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ሐረር ተወልጄ ያደግሁ ሰው፣ በነጭ አቡጀዲ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር ታቅፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ወደ ኤረር በር የሚወርድ ሰው ምን እንደሚመስል ማሰብ ነበረብኝ። የሙስሊሙ መቃብር እኮ በዚያ በኩል ነው!

መጀመሪያ ያየኝ አህመድ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ስሙን ያወቅሁት ኋላ ነው። ለደንበኛ ጨርቅ ሲለካ ቀና ብሎ አየኝ። ሜትሩን አስቀመጠ። ሙስሊም ሞት ሲያይ የሚለውን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብሎ ቆቡን አስተካክሎ ከሱቁ ወጣና ከጎኔ መራመድ ጀመረ። ደንበኛውም ተከተለው።

የሐረር ሙስሊም ጀናዛ፣ ማለት የሚቀበር አስከሬን፣ ሲያልፍ ተቀምጦ አያይም። ያውቀው አያውቀው፣ ተነሥቶ ጥቂት እርምጃ መሸከም ከፈጣሪ ዘንድ ትልቅ አጅር፣ ትልቅ ዋጋ አለው። እኔ ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ። ታዲያ ለምን «ልጅ አይደለም» አላልኩም? እላለሁ ብዬ አፌን ስከፍት አህመድ ክንዱን ዘርግቶ «አቦ ስጠኝ ወንድሜ፣ ደክመሃል» አለኝ። ድምፁ ውስጥ የነበረው ርኅራኄ ምላሴን አሰረው። ሰጠሁት።

ከዚያማ ነገሩ ከእጄ ወጣ። አህመድ አሥር እርምጃ ያህል ተሸክሞ ለአንዱ ሰጠ፣ ያ ለሌላው። ጠባቧ መንገድ ላይ ከየሱቁ፣ ከየበሩ ሰው ይጨመራል። ባሻ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ ፊት ሄደ፤ እኔ ከኋላ ቀረሁ። ልደርስበት ብሮጥ ኀዘን ያሳበደኝ መሰላቸውና ሁለት ሰዎች ብብቴን ያዙኝ። «ሰብር አድርግ፣ ሰብር!» ይሉኛል፤ ታገሥ ማለታቸው ነው።

አንዱ በጆሮዬ «ወንድ ነው ሴት?» አለኝ።

«ወንድ።»

«ስንት ጊዜው ነበር?»

«ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር» አልኩ፤ እውነቴን ነው።

ሰውየው ቀድሞ ባሻን ተሸክሞት ኖሯል። ክብደቱ ትዝ ሲለው ዓይኑ እንባ ሞላ። «ያ አላህ! ምን ያህል ቢታመም ነው እንዲህ የከሳው!»

ከኤረር በር ስንወጣ ሠላሳ ሰው ሳንሆን አንቀርም። እኔ በልቤ ወደ ድንግል ማርያም እየጮኽሁ ነው። አሁን ልናገር ብል ያሾፍሁባቸው ይመስላቸዋል፤ ዝም ብል የባሰ ይመጣል። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ሐጂ ኡመር የሚባሉ ጢማቸውን ሂና የቀቡ አዛውንት ባሻን ተቀበሉ። መሬት ላይ በቀስታ አጋደሙትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ተሰግዶበታል?»

«አልተሰገደበትም አባባ።»

«እንግዲያው እንስገድበት» አሉ፤ ሰዉም ጫማውን እያወለቀ ተሰለፈ።

ይህንንማ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። የሰው ሃይማኖት ነው፤ በዚህ አይቀለድም። ቢገድሉኝም ይግደሉኝ ብዬ ከሰልፉ ፊት ቆምሁ። «አትስገዱ! እባካችሁ አትስገዱ! ልጅ አይደለም!»

ጫማቸውን ያወለቁት እርስ በርስ ተያዩ።

«ምንድን ነው ታዲያ?» አሉ ሐጂ ኡመር።

«ሙጭልጭላ ነው። ያሳደግሁት ሙጭልጭላ። ማለዳ ሞቶብኝ... ልቀብረው... እናንተ ስትመጡ ጊዜ አፌ ተያዘ።» ከጠዋት ጀምሮ የዋጥሁት እንባ ዱብ ዱብ አለ፤ በሠላሳ ወንድ ፊት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

አህመድ «ሱቄን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት! ለአይጥ አዳኝ!» ብሎ ቱግ አለ። ሌሎቹም ማጉረምረም ጀመሩ። እኔ ዛሬ አለቀልኝ ብዬ ጭንቅላቴን በክንዴ ጋርጄ ስጠብቅ፣ ሐጂ ኡመር እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው።

«ቆይ» አሉኝ። «እንግዲያው ልጅ አልሞተም?»

«አልሞተም አባባ።»

«የማንም ልጅ?»

«የማንም።»

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ፊታቸው በራ። «ሰማችሁ? ልጅ አልሞተም! እናቱ አላለቀሰችም!»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ። ከዚያ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ። ያ «እንዲህ የከሳው» ያለው ሰውማ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። «እኔ ደግሞ ጭራውን ስዳስስ እግሩ ነው ብዬ!» ይላል። አህመድ እንኳ ከንፈሩን ቢነክስም አልቻለም፣ ፈነዳ። እኔም እያለቀስሁ ሳቅሁ።

«እዚህ ግን አይሆንም፣ የሰው ቦታ ነው» አሉ ሐጂ ኡመር። «ና ተከተለኝ።» መቆፈሪያ ተውሰው ዝቅ ብሎ ወዳለው የጫት ማሳቸው ወሰዱኝ። አብዛኛው ሰው ወደ ሥራው ተመለሰ፤ አምስት ስድስት የሚሆኑት ግን አብረውን ወረዱ። ጅብ እንዳያወጣው እስከ ጉልበት ቆፈሩልኝ። አህመድ እያጉተመተመ ድንጋይ እየተሸከመ ከላዩ ከመረ።

ስንጨርስ ሐጂ «በል አሁን አጫውተን፣ ምን ዓይነት ነበር?» አሉኝ። ስለ እጅጌው፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ እናቴ ዶሮዎች ነገርኳቸው። እየሳቁ «ሌላስ? ሌላስ?» ይሉኛል። አህመድ ሰምቶ ሰምቶ «ለመሆኑ እንዲህ ያለ ከየት ይገኛል? እኔ እኮ ሱቄን አይጥ ጨረሰው» አለ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ከተማ ገባ። ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ፤ ብከፍት እናቴ ናት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ያለሁበትን ቤት ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «ዶሮዎቼን የበላ ነውና ነፍስ ይማር አልልም። አንተን ግን እግዜር ያጽናህ» አለችኝ። ከዚያ ሻንጣዬን አውርዳ ልብሴን ታጥፍ ጀመር። በዚያው ቀን ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

መሥሪያ ቤት እንደፈራሁት ዓመት ሙሉ ተሳቀብኝ። ይሳቅብኝ! ከዚያ ወዲህ እናቴንም፣ ብዙ ወዳጆቼንም ቀብሬያለሁ። ሐጂ ኡመር ያረፉ ዕለት ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ክርስቲያን ነህ ብሎ የከለከለኝ የለም። ዛሬም በደጃፌ ቀብር ሲያልፍ የያዝሁትን ጥዬ እነሣለሁ። ማን ነው ብዬ አልጠይቅም። ምንድን ነው ብዬም አልጠይቅም።