«እሽ» ያልኩባቸው አራት ቀናት

ልጅ ሳለሁ፣ እስራኤል ውስጥ ቂርያት ማላኪ ከተማ በነበረው የሦስተኛ ፎቅ ቤታችን፣ ተረት የሚነገረው በቀን ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ታከለ ቤኤር ቱቪያ በሚባል ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ይሠራ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና መንቃቱ ነው። የመስኮቱን ትሪስ፣ ያንን ወደ ታች የሚወርድ መዝጊያ፣ አይከፍተውም፤ በቀዳዳዎቹ የሚሾልከው ብርሃን ግድግዳው ላይ ይደረደራል፣ የሲጋራው ፍም በጨለማው ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል።

ሰሚው በየመሃሉ «እሽ» ካላለ ተረት አይቀጥልም። ቤተሰቦቼ ከጎንደር ይዘውት የመጡት ደንብ ነው። «እሽ በይ እንጂ፣ ከግድግዳ ጋር ነው እንዴ የማወራው?» ይለኝ ነበር። ዓይን አፋር ስለነበርኩ፣ በቀን ውስጥ ደፍሬ የምናገረው ቃል ይኸው ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

አሥር ዓመት ሲሞላኝ ፈረቃው ተቀያየረበት፤ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። ያኔ እንቅልፍ ጠፋበት። ተረቶቹም ተለወጡ። ድሮ ጉድጓድ ገብቶ የሚቀረው ጅብ አሁን ከነሕይወቱ ይገፈፋል፣ ቆዳውን ፍለጋ መንደር ያቃጥላል፣ አንድ ንጉሥ የገዛ ልጆቹን ጥርስ እየነቀለ ጅራፉ ላይ ይሰካል። አያ ታከለ በመወልወያው እንጨት ሶፋውን እየወጋ ያሳየኛል። እፈራለሁ፣ ደስም ይለኛል፤ «እሽ» እላለሁ።

«ያላ፣ በል ታከለ፣ ጋደም በል እንጂ!» ትለዋለች እናቴ።

«እንቅልፍ የሽማግሌ ነው! አንቺ ተኚ!»

እሷም ትስቅና ወንድሟ እንደበረታላት ለጎረቤት ታወራለች። እኔ ግን አንድ ሰሞን በተከታታይ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጎራደድ ሰማሁት። ሰምቼም በየማግሥቱ «እሽ» አልኩት።

እንቅልፍ ባጣ በአራተኛው ቀን፣ ከተረቱ መሃል ድምፄ ተዘጋና ዝም አልኩ።

«ማን ነው ዝም በይ ያለሽ?» አለኝ። መልስ አልጠበቀም። በርጩማውን አንሥቶ ቴሌቪዥኑን ሰበረበት፤ ትሪሱን ገንጥሎ ጣለው፤ የከሰዓት ፀሐይ በአንዴ ሲገባ የቀሉ ዓይኖቹን አየሁ። እናቴ ሮጣ መጣች። ጸጉሯን ይዞ ግንባሯን ከበሩ መቃን ጋር አጋጨው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ደሟ እግሬ ላይ ተንጠባጠበ። ሁለት ጎረቤቶች ታግለው ጣሉትና ደረቱ ላይ ተቀመጡበት። እሱ ግን ከሥራቸው ሆኖ፣ ከንፈሩ ተተልትሎ፣ «እሽ በሉ! እሽ በሉ!» እያለ ይጮህ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ ስንት ቀን እንዳልተኛ ጠየቀች። እናቴ ግንባሯን በፋሻ እንደያዘች፣ «ይተኛል በያት። እብድ ነው እንዳይሉብን» አለችኝ።

ሐኪሟን በዕብራይስጥ፣ «አራት ቀን» አልኳት። እናቴ አራትን በዕብራይስጥ ታውቃለች። ቀና ብላ አየችኝ፤ አልተቆጣችም።

በሽታው ባይፖላር ይባላል አለች ሐኪሟ፤ እንቅልፍ ሲጠፋ ይነሣል፣ ሲነሣም እንቅልፉን ጨርሶ ይወስደዋል። ጥፋቱ የማንም እንዳልሆነ ነገረችኝ። ይህንን ለእናቴ ስተረጉም አለቀስኩ።

አያ ታከለ ከሆስፒታል ሲመለስ ወራት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተጋድሞ ከረመ። በኋላ መድኃኒቱ ሲስማማው የቀን ሥራ ብቻ ተሰጠው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በአዲሱ ትሪስ ሥር ተጋድሞ፣ በድሮው ቀስ ያለ ድምፅ፣ «አንድ ጅብ ነበር» አለ። «እሽ» አልኩ። ጅቡ ወንዝ ወረደ። «እሽ» አልኩ። ከዚያ ዝም አልኩ።

«ተኛሽ እንዴ?»

አልመለስኩለትም። ዓይኔን ከበርጩማው ሳልነቅል ጠበቅኩ። አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ቀጥሎ ማንኮራፋት ጀመረ።

አሁን የምኖረው ሌላ ከተማ፣ ያቭኔ ነው። ማታ ማታ ተረቱን ሊነግረኝ ሲደውልልኝ ከሚለው ይልቅ የአነጋገሩን ፍጥነት አዳምጣለሁ። ቃላቱ መጣደፍ የጀመሩ ሲመስለኝ «እሽ» ማለቴን አቆማለሁ፤ እሱም ይገባዋል።

«ቤሰደር፣ ደህና፣ ልተኛ» ይለኛል። ጅቡም እስከ ነገ ወንዙ ዳር ይቆያል።