የኢተያ ጥማድ

የዚያ የኮምፒዩተር ማተሚያ ሲጥሲጥታ፣ ከጋለ አቧራና ከቀለም ጥብጣብ ሽታ ጋር፣ ስንት ዘመን አልፎም የውብዳርን ወደ አሰላው ቢሮ ይመልሳት ነበር።

በደርግ መጨረሻ ዓመታት ነው። የውብዳር ከጎንደር ተመድባ አሰላ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ትሠራለች። ለየወረዳው የምርጥ ዘር ሒሳብ የሚያወጣ ኮምፒዩተሩ መሥመር በመሥመር የሚፈጽመው የትእዛዝ ጽሑፍ አዘጋጅታለች። ለአንድ ጥማድ፣ ጥንድ በሬ በቀን ለሚያርሰው መሬት፣ ምን ያህል ዘር እንደሚገባው ግን በየጽሑፉ አልደጋገመችም፤ ለብቻው በአንድ ፋይል አኑራ፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ በመጀመሪያው መሥመሩ ላይ በአንዲት ነጥብና በፋይሉ ስም ብቻ እየጠራ ወደ ራሱ እንዲያስገባው አደረገች።

«ወጥ አንዴ ይሠራል፤ ለየሰሐኑ ይጨለፋል» እያለች ትኩራራ ነበር።

አንድ ቀን የኢተያ ሰዎች መጡ። «የእኛ ጥቁር አፈር በሬ ያደክማል፤ ጥማዳችን ጠባብ ነውና ዘሩ ይቀነስ» አሏት። ለኢተያ የራሱን ፋይል መክፈት ሲገባት፣ ቸኩላ የጋራውን ቀነሰችው።

የሌላው አካባቢ፣ የጎበሳ፣ ጽሑፍም ያንኑ ፋይል ይጠራል። ገበሬው እንደ ወትሮው ዘሩን ወስዶ ሳለ፣ ወረቀቱ ግን ያነሰ ይገባዋል አለ። ታዲያ ከመጋዘኑ የወጣው ትርፍ ዘር የት ገባ? የጎበሳ መጋዘን ጠባቂ አቶ ግዛቸው በአሻጥር ተጠረጠሩ።

የውብዳር ስሕተቷን ያየችው ሐሙስ ነው። ፋይሉን አቃናች፤ አፏን ግን አልከፈተችም።

ሰኞ አቶ ግዛቸው ራሳቸው ከጎበሳ መጥተው ክፍሏ ገቡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ልጄ፣ ሁሴኖ የሚባል ገበሬያችን ‹ማሽኑ እኔ ማሳ ላይ በሬ ጠምዶ ያውቃል?› ብሎ አሳቀን።» ፈገግ አሉና ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩ። «ማሽን አይሳሳትም ይሉኛል። እኔም ሸምግያለሁ፤ ሳልቆጥር ያሳለፍኩት ጆንያ ቢኖርስ? ጥፋቴን አምኜ ልፈርምላቸው ነው።»

«አይፈርሙ፣ ጋሼ!» ከመቀመጫዋ ተነሣች። «እርስዎ አላጎደሉም። ለኢተያ የቀነስኩትን ለጎበሳም ቀንሼው ነው። አሁኑኑ ለኃላፊው እናገራለሁ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሐሙስ።»

«ዓርብ ዕለት ልጆቼ ፊት ‹ሌባ› አሉኝ» አሉ በዝግታ።

የውብዳር እግራቸው ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች። አቶ ግዛቸው ባርኔጣቸውን ደፉ፤ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፤ ደህና ዋዪ እንኳ ሳይሏት በሩን ከፍተው ወጡ።