አሥራ ሰባቱ ሙከራዎች

ባልደረቦቹ «ሐኪሙ» ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የደንበኞችን ስልክ የምትቀበለው ሴት ናት። ኢንተርኔት ተቋረጠብኝ ብሎ የሚጮህ ሰው ቤት እሱን ስትልክ፣ ያው ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ለስልሶ ይደውልና ያመሰግናታል። ሐኪሙ ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ ራውተሩ አጠገብ ቁጢጥ ይላል፣ መብራቶቹን አንድ በአንድ ያያል፣ ከዚያ ረጋ ብሎ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርቷል። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ሰውን ፊት ለፊት ማስቀየም አይሆንለትም። የማይድን መስመር እንኳ ሲያጋጥመው «ነገ ይመለሳል» ብሎ ይወጣል። ነገ ሲሆን ሌላ ቴክኒሻን ይላካል፤ ስድቡን የሚጠግበውም ያ ሌላው ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ይህ ነገር ሲጀምር፣ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ማሽኗ የሳሎኑን ግማሽ ስለያዘው ወደ ጓዳ የሚታለፈው በጎን ነው። የፈለገችውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራ ወደ መርፌዋ የምትመለስ ሴት ናት። ልጃቸው ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ጓደኞቿ «ከንቲባ» ይሏታል።

ከንቲባ የሆነችው በጌም ነው። ስድስት የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ከየቤታቸው ሆነው አንድ ከተማ ይሠሩ ነበር፤ መንገድ ያወጣሉ፣ ድልድይ ይዘረጋሉ፣ ውሃው በየት በኩል ይውረድ ብለው ይጣላሉ። ከተማው ያለው እሷ ኮምፒውተር ውስጥ ስለሆነ አምስቱ ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት የሚገቡት በዚህ ቤት ራውተር በኩል ነው። ራውተር ደግሞ እንደ ኃይለኛ ዘበኛ ነው፤ ከውስጥ ያልተጠራን ሁሉ ከደጅ ይመልሳል። እንግዳ እንዲያስገባ ከተፈለገ ፖርት መክፈት፣ ማለትም «በዚህ ቁጥር የመጣውን ወደዚያ ኮምፒውተር ውሰደው» የሚል ትእዛዝ ጽፎ መስጠት ያስፈልጋል። ያንን ትእዛዝ የጻፈላት አባቷ ነበር፣ አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ለት። አምስቱ ልጆች ተራ በተራ ብቅ ሲሉ አይታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። በማግስቱ ሐኪሙ ይህን ወሬ ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም ሲያወራ ዋለ።

የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ውጤቷ ወረደ። ያን ያህል አይደለም፤ ሒሳብ ላይ ትንሽ፣ ፊዚክስ ላይ ትንሽ። ሚስቱ ካርዱን አየችና፣ አባቷ ነህ፣ ፈተናው እስኪያልፍ ጌሙ ይቁም ብለህ ቁርጡን ንገራት አለችው። እሺ አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ እሺ አለ። ራት ላይ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ልጅቷ ቀና ስትል ጨው አቀብዪኝ ይላታል። በዚያ ሳምንት ሰውዬው የበላው ጨው ለጤናውም አይበጅም ነበር።

በስምንተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ መሥሪያ ቤት ቁጭ ብሎ በስልኩ ወደ ቤቱ ራውተር ገባ። ትእዛዙን ቢሰርዘው ይነቃበታል። ስለዚህ እንደ እሱ ያለ ባለሙያ ብቻ የሚያስበውን ነገር አሰበ፤ ትእዛዙ ላይ የተጻፈውን የኮምፒውተሯን አድራሻ የመጨረሻ ቁጥር ከ24 ወደ 25 ቀየረው። ትእዛዙ እንዳለ አለ፣ አረንጓዴ ምልክቱም በርቷል። እንግዶቹ ግን ማንም ወደሌለበት ክፍል ይወሰዳሉ። ለአንድ ወር ብቻ ነው፣ ለራሷ ጥቅም ነው ብሎ ራሱን አሳመነና ሻዩን ጨርሶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ይህን ያህል አልፈርድበትም፤ ልጁን በተንኮል ያስጠና አባት እሱ የመጀመሪያው አይደለም። የከፋው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው።

ቅዳሜ አምስቱም ደጅ ቀሩ። ሰኞ ከሥራ ሲገባ ልጅቷ በር ላይ ጠበቀችው። ዓመት ሊሆነው ነበር ከእሷ አፍ የሚሰማው «እሺ» እና «አይ» ብቻ ከሆነ።

«አባዬ፣ ከተማው ሰው አላስገባ አለ። አብረን እንየው?» አለችው።

እኔ ነኝ የዘጋሁት፣ እስክትፈተኚ ነው ማለት ያኔ የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነበር። እሱ ግን ቦርሳውን አስቀምጦ ወንበር ሳበ።

የሥራውን ልማድ አስተማራት። ብልሽት ሲፈለግ ጭንቅላትሽን አትመኚው፣ ሁሉንም ጻፊ አላት። እሷም አንድ ሰማያዊ ደብተር አመጣችና በማስመሪያ ሦስት ዓምድ አወጣች፤ ምን አደረግን፣ ምን አየን፣ ቀጥሎ ምን። በመጀመሪያው ሙከራ ራውተሩን አጥፍተው አበሩት። በሁለተኛው ኬብሉን ለወጡ። በሦስተኛው ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠብቅበትን ፋየርዎል አጥፍተው አንዱን ጓደኛዋን በስልክ «አሁንስ?» አሉት፤ አሁንም አላስገባኝም አለ። በአምስተኛው ሐኪሙ መሥሪያ ቤት ደወለ፤ ቤታቸው የራሱ የውጭ አድራሻ ያለው መሆኑን፣ ከሰፈሩ ሰው ጋር የሚጋራው አለመሆኑን እሷ እየሰማች አጣራ። ጥሩ ሥራ ነበር። ከመሥመር የወጣ አንድም ነገር አልነበረበትም፣ እሱ ራሱ ካልሆነ በቀር።

እሱን የገዛው ደስታው ነው። ከሥራ በጊዜ መውጣት ጀመረ። እሷ ሁለት ብርጭቆ ሻይ አፍልታ ትጠብቀዋለች፣ ለምን እያለች ትጠይቃለች፣ ስትረዳ ጠረጴዛውን በጣቷ መታ መታ ታደርጋለች። የራውተሩን ፓስወርድ ሳይቀር ነገራት፣ እሱ በሌለበት እንድታይ። ትእዛዙ ያለበትን ገጽ ሲያሳያት ብቻ እጁ ፈጠን ይል ነበር። ሚስቱ ጓዳ ውስጥ ይዛው ነገርካት ወይ ስትለው፣ እየነገርኳት ነው ይላታል። እሷም ሁለቱ ተጠጋግተው ሲያወሩ ታያለችና አመነችው።

በዘጠነኛው ሙከራ አስተማሪነቱ ይዞት ጭልጥ አለ። ቤት ውስጥ ያለ መሣሪያ ሁሉ የየራሱ ቁጥር እንዳለው፣ የእናቷ ስልክ ስንት እንደሆነ፣ ቁጥሩ ከየት እንደሚታይ አሳያት። እሷ የኮምፒውተሯን ቁጥር አየች። ከዚያ የትእዛዙን ገጽ ክፈተው አለችው፣ ከፈተው። ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ጻፈችና ገለበጠችው። የሰው ራውተር ምን እንደታመመ መብራቱን አይቶ የሚያውቀው ሐኪም፣ የገዛ ልጁን ፊት ቀና ብሎ አላየም።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዋ ሌላ ሆነ። ምናልባት የረሳነው ነገር ይኖር ይሆን ትለዋለች። እስቲ አንተ አስበው፣ እኔ እጠብቅሃለሁ ትለዋለች። እሱ ጎበዝ ተማሪ አገኘሁ ብሎ ሌላ የሚሞከር ነገር ይፈልጋል። በአራተኛው ቅዳሜ ጓደኞቿ ደወሉላት፤ መጠበቅ ስለሰለቻቸው ሌላዋ ልጅ ቤት አዲስ ከተማ ጀምረዋል፣ አይክፋሽ አሏት። ልክ ናችሁ አለቻቸው። ከዚያ በኋላ አዲሱ ከተማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ገባች። መንገዱ ተከፋፍሏል፣ ሌላ ከንቲባም አለው።

አሥራ ሰባተኛው ሙከራ ሲያልቅ ደብተሩን ከደነችና «ይብቃን፣ አባዬ» አለች። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሐኪሙ ቁጥሩን ከ25 ወደ 24 መለሰው። ወሩም ካለፈ ሰንብቶ ነበር። ማታ ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ ጥፋቱ የመሥሪያ ቤት ነበር፣ ዛሬ አገኙት አላት።

«የመሥሪያ ቤት ነው?» አለች።

«የመሥሪያ ቤት ነው።»

አየችው። ከዚያ አንዷን ጓደኛዋን ደውላ እንድትገባ ጠየቀቻት። ጓደኛዋ ገባች፣ ባዶው አደባባይ ላይ ትንሽ ቆማ ተመልሳ ወጣች። ከንቲባዋ አባቷን አመሰገነችና ኮምፒውተሩን ዘጋች። ከዚያ ቀን ወዲያ ሻይ በሁለት ብርጭቆ አልተፈላም። ፈተናውን አለፈች፣ ከጌሙ ጋርም ያለ ጌሙም ታልፈው በነበረው ልክ። ሌላ ከተማ ሄዳ የከተማ ፕላን መማር ጀመረች።

ሁለት ዓመት አለፈ። ባለፈው እሑድ ሚስቱ ሁለተኛ ማሽን ገዛችና የልጅቷን ጠረጴዛ አጽዳልኝ አለችው። መሳቢያው ውስጥ፣ ከአሮጌ ቻርጀሮች ሥር፣ ሰማያዊውን ደብተር አገኘው። ደስ አለው፤ ወንበር ስቦ ማንበብ ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ሳቀ። ዘጠነኛው ላይ ደረሰ።

ምን አደረግን፦ የኮምፒውተሩን ቁጥር አየን። ምን አየን፦ ኮምፒውተሩ 24፣ ትእዛዙ 25። የተቀየረበት ቀን ራውተሩ ላይ ተጽፏል፣ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት፣ ከአባዬ ስልክ። ቀጥሎ ምን፦ ይነግረኛል።

አሥረኛውን ገለጠ። ኬብል እንደገና ለወጥን፣ ለውጥ የለም፣ ይነግረኛል። አሥራ አንደኛው፣ ይነግረኛል። አሥራ ሁለተኛው፣ ጓደኞቿ የተለዩአት ሳምንት፣ ይነግረኛል። እስከ አሥራ ስድስተኛው ድረስ በዚያ በተስተካከለ ጽሕፈቷ፣ ሳትሰለች፣ ያንኑ ቃል ጽፋለች። አሥራ ሰባተኛው ላይ ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ነው።

ፓስወርዱን ታውቀው ነበር። አንድ ቁጥር ነክታ ከተማዋን ማዳን ትችል ነበር። ሁለት ዓመት የለፋችበትን አስይዛ የጠበቀችው እሱን ነው፤ እሱ ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣ ነበር። ሰውዬው አለቀሰ። ሚስቱ እንዳትሰማው ጠረጴዛውን ጎተት አደረገው፣ የሚያጸዳ እንዲመስል።

ሰኞ ከሰዓት፣ አንድ ደንበኛ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ደወለላት። ደህንነት ተጠያየቁ፤ የእናቷን የወገብ ሕመም ጠየቀች፣ ስለ አዲሱ ማሽን ነገራት። ከዚያ የሚጨምረው ነገር አለቀበት።

«ያኔ ቁጥሩን የቀየርኩት እኔ ነበርኩ» አላት።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ደብተርሽን አገኘሁት።»

ከጀርባዋ ተማሪዎች ሲያልፉ ይሰማል። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«ደብተሩን ባታገኘው ኖሮስ ትነግረኝ ነበር?»

እንዴታ፣ ልነግርሽ ሳስብ ነው የኖርኩት የሚለው መልስ አፉ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ይህም ያው ሃያ ሁለት ዓመት በየሰው ደጃፍ ሲናገረው የኖረው «ነገ ይመለሳል» ነው። ዋጠው።

«አልነግርሽም ነበር» አለ።

«እሺ» አለች። ቀጥላም፣ «ይሄኛውን አምኜሃለሁ» አለችው። ክፍል ልገባ ነው ብላ ስልኩን ዘጋች።

ሐኪሙ ጫማውን አውልቆ ደንበኛው ቤት ገባ። ራውተሩ አጠገብ ቁጢጥ አለ፣ መብራቶቹን አያቸው። ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ አልጠየቀም፤ ደንበኛው ጨንቆት ይድናል ወይ ብሎ ጠየቀው። አላውቅም አለው።