ቀትር ላይ የሚታጠፍ ኮባ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ትልቅ ነገር አልተፈጸመበትም። ያሉት የመንገድ ዳር ኮባዎች፣ የስልክ ፎቶዎችና የደከመች እህቴ ናቸው። ደጋግሜ ጀምሬ ሰርዤዋለሁ። ግን የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ሳስብ ከመማሪያ ክፍሉ ይልቅ ፊቴ የሚመጣው ያ የአበባ መደብ ስለሆነ፣ አሰለቻለሁ እያልኩም ቢሆን እጽፈዋለሁ።

ታላቅ እህቴ ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ በሚወስደው መንገድ ዳር የተተከለውን አረንጓዴ የምትንከባከብ የኮንትራት ሠራተኛ ነበረች። ድርሻዋ ከታክሲ መያዣው እስከ ባንኩ በር ያለው መደብ ነው፤ ሣር፣ ጥቂት ጽጌረዳ፣ መሃል ላይ ደግሞ በረድፍ የቆሙ ቀያይ ኮባዎች። ሥራውን የያዘው ድርጅት ግንቦት ላይ መደቡን ለከተማው አስተዳደር ያስረክባል። ድርሻቸው ሳይደርቅ ለርክክብ የደረሰላቸው ቋሚ ይሆናሉ፣ የሌሎቹ ኮንትራት ይቋረጣል ተባለ። የእህቴ ከተቋረጠ ኡራኤል ጀርባ የተከራየናትን ክፍል ለቀን ከከተማው ዳር አክስታችን ቤት ልንደረብ ነው። ከዚያ እየተመላለስኩ መማር መቻሌን እጠራጠር ነበር። እህቴ ግን ስለዚህ አታወራም፤ እሷ የማታ ትምህርቷን ያቋረጠችው እኔ እንድማር ነው።

በዚያ ዓመት የበልግ ዝናብ ቀረ። በየቀኑ ይመጣ የነበረው የውሃ ቦቴም ሲያሻው ብቻ ብቅ የሚል ሆነ። ሌሎቹ ሠራተኞች የተገኘችውን ውሃ እያብቃቁ በየቀኑ ላይ ላዩን ይረጩ ነበር። በዚያው ሰሞን እኛ ባዮሎጂ ክፍል ዕፅዋት ድርቅን እንዴት እንደሚችሉ እንማር ነበር። ሥር ውሃውን ተከትሎ ይወርዳል፤ ዘወትር ከላይ የሚጠጣ ተክል ግን ሥሩም ከላይ ይቀራል። መሬቱ ሲደርቅ ሥር ለቅጠል በኬሚካል መልእክት ይልካል፣ ቅጠሉም ውሃው እንዳይተንበት በሆዱ በኩል ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋል።

አመሻሽ ላይ ይህን ስነግራት እህቴ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ ነበር።

«እኔም ልብ ያልኩት ነገር አለ» አለችኝ። «ባንኩ ጥግ ያለው ኮባ የቦቴው የውሃ ጎማ በደንብ አይደርሰውም። ግን ከሁሉም የጠነከረው እሱ ነው።»

ከዚያ በኋላ ቦቴው ሲመጣ አጥግባ ታጠጣለች፤ እስኪመለስ ደግሞ ትተዋቸዋለች።

ኮባዎቹ ቻሉት። የቻሉበት መንገድ ግን ለዓይን አያምርም። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ የቅጠሉ ግራና ቀኝ እንደተከደነ መጽሐፍ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ፀሐይ የምታርፍበት ገላ እንዲያንስ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቀስ እያለ ይከፈታል፣ አመሻሽ ላይ ምንም እንዳልነካው ይዘረጋል። ችግሩ፣ አለቆቹ የሚያዩት ቀትር ላይ ብቻ መሆኑ ነበር። እያንዳንዱ ሠራተኛ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የድርሻውን ፎቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ አለበት። ብርሃኑ ጥሩ ነው ተብሎ የተመረጠ ሰዓት ነው።

ቀጥሎ ያለውን መደብ የያዘችው ጓደኛዋ ቀልደኛ ሴት ናት።

«አንቺ፣ ኮባሽ ሁዳዴ ይዟል እንዴ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንገቱን ደፍቶ የሚውለው!»

«አዎ» አለች እህቴ። «ያንቺ ግን ቁርሱን ካልበላ ቀና አይልም።»

«ይብላ እንጂ! ፎቶ ላይ ጾመኛ ምን ይሠራል?»

አንድ ቀን ከክፍል ወጥቼ ምሳ ሳደርስላት የሥራ ተቆጣጣሪው ደረሱ። ጎልማሳ ሰው ናቸው፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ጋሼ ይሏቸዋል። ከመኪናቸው ሳይወርዱ በመስኮት ተመለከቱ።

«ይሄ እኮ ሞቷል!»

«አልሞተም ጋሼ። ፀሐይ ሸሽቶ ነው።»

«ሸሽቶ? እግር አለው?»

«ማታ መጥተው ቢያዩት...»

«ማታማ ቤተሰብ አለኝ፣ ልጄ። አለቆቼ የሚያዩት ይህንን ነው» ብለው ስልካቸውን አነሱ።

ዝም ማለት አቃተኝ። «ጋሼ፣ ቅጠሉ ላይ ቀዳዳዎች አሉ፣ ማለቴ፣ ውሃ ለመቆጠብ...»

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?»

«እህቷ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ...»

«ጎበዝ። እንግዲያው ተማሪ፣ ውሃ አምጪ። እስከ ሳምንት ቀና ካላሉ ይነቀላሉ። በቃ።»

ውሃ አመጣን። ትንሽ ወረድ ብሎ ካለው መኪና ማጠቢያ እየለመንን፣ በጄሪካን። እህቴ ከረፋዱ ጀምሮ ትመላለሳለች፣ እኔ ክፍል በሌለኝ ቀን አግዛታለሁ። ቅጠሉን አጠብን፣ አፈሩን አራስን። ስድስት ሰዓት ሲሆን ይታጠፋሉ። ላይ ላዩን የፈሰሰው ውሃ ሥሩ ጋ ሳይደርስ ፀሐይ ትወስደዋለች። እህቴ ምሳ መብላት ተወች። ማታ ልብሷን ሳትቀይር አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጥና የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ እንቅልፍ ይወስዳታል። ክፍል ውስጥ የተማርኩት ሌላ ነገር በዚያን ጊዜ ትዝ ይለኛል፤ ተክሉ ቀዳዳውን ሲዘጋ ውሃውን ያተርፋል፣ ግን አየርም አይገባለትምና ምግብ መሥራት ያቆማል። አይሞትም፣ አያድግም። ይህን ግን አልነገርኳትም።

አንድ ቀን ጄሪካኑን መሃል መንገድ ላይ አስቀመጠችው።

«ተይው። ከዚህ በላይ አልችልም።»

«ከነቀሏቸውስ?»

«ይንቀሉ። እኔ ግን የማይጠጡትን ውሃ አልሸከምም።»

የዚያን ቀን የታጠፉትን ኮባዎች እንዳሉ አንስታ ለጠፈች። በማግስቱ ስልኳን ስትከፍት ከግሩፑ አስወጥተዋታል። አትምጪ ያላት የለም፣ ምክንያቱን የነገራትም የለም፤ ኮባዎቹን ሊነቅል የመጣም የለም። ስለዚህ እንደወትሮው የደንብ ልብሷን ለብሳ ሄደች። ተባርራ ይሁን አልተባረረች ሳታውቅ የሠራችባቸው ቀናት ከጄሪካኑ የባሱ ነበሩ። ጓደኛዋ እንኳን መቀለድ ተወች።

አንድ ምሽት ካዛንቺስ ላይ መንገድ ተዘግቶ መኪናው ሁሉ ቆመ። እኔና እህቴ ዕቃ እየሰበሰብን ሳለ ጋሼ መኪናቸውን ለሹፌሩ ትተው በእግራቸው መጡ። ኮባዎቹ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ሁሉም ተዘርግተዋል።

«ከየት አመጣሻቸው?»

«ምኑን ጋሼ?»

«እነዚህን! ማን ፈቅዶልሽ ነው በአዲስ የቀየርሻቸው?»

«አልቀየርኩም። እነዚያው ናቸው።»

«እኔ እኮ ዓይን አለኝ!»

«እኔ ደግሞ ኮባ ተሸክሜ የምዞርበት ጉልበት የለኝም» አለች እህቴ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ደክሟት ነው።

ጋሼ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ አወለቁ፣ መታወቂያውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ሰማያዊ ገመዱን የአንዱ ኮባ ቅጠል አገዳ ላይ አጥብቀው ቋጠሩ። ከዚያ ሄዱ።

በማግስቱ ቀትር ላይ መጡ። ገመዱ የታሰረበት ቅጠል ታጥፎ ነበር። ቋጠሮውን በጣታቸው ነካክተው ተመለሱ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደገና ሲመጡ ያው ቅጠል ከነገመዱ ተዘርግቶ አገኙት። ያኔ የመደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ጫማቸው አቧራ ለብሷል። እሳቸውም እንደኛ የደከሙ መሆናቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ባለፈው ዓመት ስታዲየም አካባቢ እንዲህ የሆኑትን በሙሉ አስነቅያለሁ» አሉ ወደ ማንም ሳያዩ። «በሙሉ።»

እኔ የምናገረው ነገር እያዘጋጀሁ ነበር፤ ስለ ሥር፣ ስለ ቀዳዳዎቹ። እህቴ በዓይኗ ዝም አሰኘችኝና የውሃ ጠርሙሷን ዘረጋችላቸው።

«ይጠጡ ጋሼ። ሞቅ ብሏል እንጂ ንጹሕ ነው።»

ጠጡ። በማግስቱ እህቴ ወደ ግሩፑ ተመልሳ ገባች። ከላይ አንድ መልእክት ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ፎቶ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይለጠፍ። ለምን እንደሆነ አልተጻፈም።

የርክክቡ ኮሚቴ ሲመጣ ጓደኛዋ እንዳወራችው ከደምበል በኩል ሊጀምር ነበር፤ እዚህ የሚደርሰው ቀትር ላይ ማለት ነው። ጋሼ ናቸው «ከኡራኤል እንጀምር» ያሉት። ሲመጡ ገና ፀሐይዋ ከሕንጻዎቹ ጀርባ ነበረች። ኮባዎቹ ሰፋፊ ቅጠላቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ከኮሚቴው አንዷ ሴት ከፊታቸው ቆማ ፎቶ ተነሣች። ማንም ስለ ቀትር አልጠየቀም፣ እህቴም አልተናገረችም። ፈረሙና አለፉ። ጋሼ ከኋላ ቀርተው «ቋሚ ነሽ፣ ወረቀቱ ይደርስሻል» አሏትና ኮሚቴውን ተከትለው ሄዱ።

ደስ እንዲላት ብዬ ኬክ ገዝቼ ቤት ጠበቅኳት። ገባች፣ ኬኩን አየች፣ ፈገግ አለች። «ነገ እንበላዋለን፣ እሺ?» አለችና ጫማዋን ሳታወልቅ ተኛች። ማሰሪያውን እኔ ፈታሁላት። ይህ ሁሉ ያበቃው በግንቦት ልደታ ማግስት፣ ግንቦት ሁለት ቀን ነው።